ቦታውን ማን ለቀቀለት?

ወደ ወንጂ መውጫ ላይ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣
ድንጋይ ቆራጭ ነኝ፤ አቧራዬን ሳላራግፍ ወደ ነገሬ ልግባ።

አዳማ ልጅ መሬት ናት፤ ከሥሯ ያለው አመድ
ትናንት የተተፋ፣ ገና ያልረጋ፣ ነፋስ ሲጠራው የሚሄድ።
ግራናይት አይወጣባትም፤ ከባቢሌ በተሳቢ ተጭኖ፣
በሰንሰለት ታስሮ ይመጣል፣ በልጆች መሃል ሽማግሌ ሆኖ።

ሁለት ጡረተኛ መምህራን ዱጋሳና ኅሩይ ይባላሉ፣
ደጄ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ይጣላሉ።
ስለ ድንበር አይደለም፤ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዘርም አይደለም፤
«ይህ ድንጋይ እንዴት ተወለደ?» ከዚህ ሌላ ጠብ የላቸውም።

ዱጋሳ ከሩቅ ይጀምራል፦ «ድሮ በጀርመን አገር
የማዕድን ሊቃውንት ‹ሁሉ ከውኃ ነው› ሲሉ ነበር፤
ምድርን የከደነው ባሕር ሲጎድል፣ ጨው ከድስት ሥር እንደሚቀር፣
ድንጋይ እየረጋ ቀረ አሉ፤ ግራናይትም የበኩር።
ኋላ ስኮትላንድ ውስጥ ወንዝ ወረዱ፤ በጥቁሩ ዓለት መሃል
ቀይ ግራናይት እንደ ዛፍ ሥር ሰንጥቆ ገብቶ ተገኝቷል።
ዝቃጭ እንዲህ ይገባል? ከታች የመጣ ነው፣ የቀለጠ!»
ይላል በከዘራው ብሎኬቱን እየደበደበ፣ እኔን እየገላመጠ።

ኅሩይ ዝም። ሻዩን ያማስላል፤
ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።
ከዚያ፦ «እሺ፣ ይቅለጥ። ግን አውራጃ የሚያህል ትኩስ ገንፎ
በየት ገባ? እዚያ የነበረውን ነባር ዓለት በየት አሳልፎ?
ባለርስቱ የት ሄደ? ቦታውን ማን ለቀቀለት፣ ዱጋሳ?
እኔ እንኳ ሰርቪሴን ሳከራይ፣ ስንት ዕቃ ነው የተነሣ!
ማንም አልመጣም። ነባሩ ነው፤ እዚያው፣ ባለበት ተቀምጦ፣
ሙቀትና እንፋሎት ዘልቆት፣ ከውስጥ መልኩን ለውጦ
ግራናይት የሆነ።»

አንድ ሰሞን ዱጋሳ ፎቶ ኮፒ አንጠልጥሎ መጣ፤
ላብ አጥምቆታል፣ ከባጃጅ ዘሎ ሲወጣ።
«የድንጋይ ዱቄት ወሰዱ፤ ከጠብታ ውኃ ጋራ
ፍሬ በምታህል የወርቅ ቅል ከተው፣ አየህ የነሱን ሥራ፣
ጨምቀው አጋሉት። ከታሰበው ባነሰ ሙቀት ቀለጠ!
ውኃው ነው እሳቱን ያገዘው። በቃ፣ ክርክራችን ተቆረጠ።»
ኅሩይ ሳቀ። «ውኃ አልክ? እነዚያን ጀርመኖች ከመቃብር
አንተው ጠራሃቸው! ቦታውስ? እሱን ደግሞ ነገ እንነጋገር።»

(እኔ ዲስኩ ላይ ውኃ ካልለቀቅሁ እሳት እንደሚበላው
ዕድሜዬን ሙሉ አውቃለሁ። ግን እኔን ማን ጠየቀው?)

በግንቦት ኅሩይ ሞተ።

ዱጋሳ ብቻውን መጣ። ብሎኬቱ ላይ አልተቀመጠም።
«ከባቢሌው ቁረጥልኝ፤ ሮዝ ካለበት። ስሙ ይበቃል፤ ሌላ አልጨምርም።»
የተወለወለውን ገጽ በጣቱ ዳሰሰው፣ እንደ ዕውር ሲያነብ፦
«ይህ ቀዩ ቀድሞ ነው የረጋ፤ ያሻውን መልክ ይዞ በወግ።
ይህ ግራጫው፣ መስታወት የሚመስለው፣ ኳርትዝ፣ መጨረሻ ይደርሳል፤
የራሱ ቅርጽ የለውም፤ ሌሎቹ የተዉለትን ክፍተት ይሞላል።»
ከዚያ ዘወር ብሎ ዓይኑን ጠረገ። የኔን አቧራ ሰደበ።

ድንጋዩን ልናቆም ሄድን። መቃብሩ ከተደፈነ ወር ሆኗል፤
ከጎኑ ግን የተረፈ አፈር፣ አመድማ ክምር፣ ተቆልሏል።
ሰው ሲገባ አፈሩ ሁሉ ተመልሶ አይገባም።
ዱጋሳ አየው። ስናነሣ፣ ስንለጥፍ፣ ስናስተካክል ቆሞ አየው።
«ኅሩይ» አለ፣ ተማሪ እንደሚጠራ፣ «መልስህ ይኸው።
ላንተ የለቀቀልህ ይህ ነው።»

ዝም አልን። የአዳማ ነፋስ፣ ሥራ የማያጣው፣
ክምሩን ከጫፉ እየቆነጠረ ይዞት ወጣ።
ዱጋሳ ወዴት እንደሚወስደው ሊያይ አንገቱን አሰገገ፤
እኔም ዞርኩ፤
አላየንም። አቧራ ዓይናችን ገባ።